በካቻቢቴ የተሰማ ጊታር

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ከጋራዡ፣ ጎማዋ ከወለቀ መኪና የኋላ ወንበር ላይ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

ከሰላምታዬ በፊት ኑዛዜዬ ይቅደም። እኔ እህትህ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተኛውን ጊታርህን ማውረዴን፣ ማውረድ ብቻ ሳይሆን ቀጭኗን ክር መበጠሴን፣ መበጠስ ብቻ ሳይሆን በምትኳ ከሞተር ሳይክል የፍሪሲዮን ገመድ አንዲት ሽቦ መዝዤ ማሰሬን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ድምፁ ምን ይመስላል ካልከኝ፣ ጭራዋን የተረገጠች ድመት። ፍርዱን ላንተ ትቻለሁ፤ ካለህበት ሆነህ በኩርኩም እንደማትደርስብኝ ግን አስቤበታለሁ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነህ? ትበላለህ? ይህን ሳልጠይቅህ ደብዳቤ መላኬን አክስታችን ብትሰማ ቤት አታስገባኝም። እሷ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። ጊታር የሚመታ ሰው ጣቱ ጠሞ ይቀራል ብላ በሳምንት በሳምንት ጣቶቼን ትመረምራለች። እስካሁን አልጠመሙም። የግራ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ደድሮ የጫማ ሶል መስሏል እንጂ።

ለምን አወረድሽው ትለኝ ይሆናል። እሁድ እሁድ አንተና ጓደኞችህ የጋራዡን በር ዘግታችሁ ስታጓሩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መፍቻዎች አብረዋችሁ ይንቀጫቀጩ ነበር። ያኔ እኔ ውጭ ቆሜ ጆሮዬን ደፍኜ እስቅባችሁ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ መፍቻዎቹ ዝም ብለው ተሰቅለዋል። እሱን ማየት አቃተኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያስተማረኝ ካሴትህ ነው። ከካሴቱ ቀጥሎ ደግሞ ከበሮ መቺው ጓደኛህ። አሁን መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ነጭ ካፖርት ለብሷል፤ ሳል የያዘው ሁሉ «ዶክተር» ሲለው አያርምም። ጣቶቼን አይቶ መጀመሪያ ቅባት ሊሸጥልኝ ሞከረ። በኋላ አዘነልኝና፣ ወረፋ የያዙት በሽተኞች እያዩ፣ ምቱን በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ አሳየኝ። ጋራዥ ሮክ የሚፈልገው ሦስት ኮርድና ንዴት ብቻ ነው አለኝ። ኮርዶቹን ስጠኝ፣ ንዴቱን ከቤት ይዤ መጥቻለሁ አልኩት።

ያቺን በሦስት ኮርድ የምታልቀውን ዘፈን፣ ዘፋኙ መሃል ላይ ቃል ሲያልቅበት ዝም ብሎ የሚጮህባትን፣ እናንተም በየእሁዱ የምትጀምሩባትን አውጥቻታለሁ። አንዱን ጣት አጋድሞ ስድስቱንም ክር መጫን የሚባለው ነገር ግን ቅጣት ነው። ያንን የፈለሰፈው ሰው የሒሳብ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ። አባዬ እንዳልጽፍልህ ከልክሎኛል፤ እየጻፍኩልህ ነው።

አባዬ አይሰማም። ነገር አይሰማም ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ድሮም አይሰማም። ጆሮው ነው።

እኛ ያወቅነው በዳቦ አከፋፋዩ መኪና ነው። ሞተሯን አስነስቶ፣ ዘንበል ብሎ አዳምጦ፣ «ሰላም ናት፣ ውሰዳት» አለው። እኔ ከበሩ ቆሜ ጎማዋን የሚያዞረው ኩሽኔታ ጩኸት ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ታላቅ መካኒክ ፊት አፌን ልክፈት? መኪናዋ ዳገቱን ሳትወጣ ቀጥ አለች። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ሲጮህበት፣ አባዬ ዓይን ዓይኑን ሳይሆን ከንፈሩን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐኪሙ በአየር የሚገባው ድምፅ ተዘግቷል አለ። በአጥንት በኩል የሚገባ ትንሽ ቀርቶታል፤ እሱም እየሄደ ነው፣ ብዙም አይቆይም። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሰጠው። አባዬ አነበበና ሳቀ። «ልጄ ከእርስዎ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር» አለው። ሐኪሙም አብሮት ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። እኔ ግን የተጣላችሁ ቀን እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ። አባዬ ጓደኞችህ ፊት በዘፈን መሃል የአምፕሊፋየሩን ገመድ ሲነቅል፣ አንተም «አንተ ጆሮ የለህም» ስትለው ሰምቻለሁ። ለሐኪሙ አልነገርኩትም። የግድግዳውን የዓይን ምርመራ ፊደል ሳነብ ቆየሁ።

የማዳመጫ መሣሪያ ሰጥተውታል። ከብሎኖቹ ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀምጦታል። ለማይሰማ መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጣል ብሎ ነው፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። ደንበኛ ሲመጣ የአንተን አሮጌ ቱታ ለብሼ ከአባዬ ጀርባ እቆማለሁ፣ እጄን ትከሻው ላይ አደርጋለሁ። ሞተሩ ቀጭን ቲክ ቲክ ካለ በአንድ ጣት እነካዋለሁ፤ ከሥር የሚደቃ ከሆነ በመዳፌ፤ ጩኸቱ በግራ ከሆነ ግራ ትከሻውን። እሱ ኮፈኑ ላይ ዘንበል ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሊቅ ራሱን ይነቀንቃል። ዳቦ አከፋፋዩ ባለፈው እኛን እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ አባቷን የምትወድ ልጅ አይቼ አላውቅም አለ። እኔ እኮ ኩሽኔታ እያወራሁ ነበር።

ትምህርት ቤቱን አትጠይቀኝ። መኪናዎች የሚመጡት ጠዋት ነው፣ ትምህርትም ጠዋት ነው። አክስታችን አታውቅም፤ ደብተሬን ይዤ ነው የምወጣው።

አክስታችን በበኩሏ ሕመሙን በጩኸት ልታድነው ቆርጣለች። ራት ቀርቧል ብላ ስትጣራ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጡረተኛ «መጣሁ» ብለው መለሱ። አልመጡም እንጂ ቢመጡ ምን እንል ነበር?

ስለ ጊታሩ ልጨርስልህ። አንድ እሁድ በሩን ዘግቼ አምፕሊፋየርህን አስነስቼ ስመታ፣ ቀና ስል አባዬ ፊቴ ቆሟል። ገመዱን ይነቅላል ብዬ ጠበቅኩ። እጄን አየ፣ ክሩን አየ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደና ረጅሙን ካቻቢቴ አወረደ። ያንን ሞተር የሚያዳምጥበትን ታውቀዋለህ፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ አድርጎ። ጫፉን ጊታርህ እንጨት ላይ አቆመው፣ ጎንበስ ብሎ እጀታውን አጥንቱ ላይ ተጫነው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምቺ» አለኝ።

መታሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሲያልቅም ቀና አላለም።

«ሦስተኛው ላይ አዘገየሽ» አለኝ።

ከካሴቱ ጋር እኩል ነኝ አልኩት፣ በእጄም በአፌም። ራሱን ነቀነቀ።

«የካሴቱን መች አልኩሽ። ወንድምሽ ሦስተኛው ላይ ይቸኩላል። ነዳጅ እንዳጠረው ሞተር ዘለል ይላል።»

ወንድም ጋሼ፣ እነዚያን እሁዶች ሁሉ አባዬ እዚያው መኪና ሥር ተጋድሞ ሲቆይ እኛ አኩርፎ ነበር የሚመስለን። እሱ ለካ አንተ የቱ ጋ እንደምትቸኩል ያውቃል። የቱ ጋ ክሩን በመዳፍህ እንደምታፍን፣ የቱ ጋ ጠፍቶህ እንደምትደጋግም ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ እኔ ዘፈኑን አይደለም የምማረው፤ የአንተን ስሕተት ነው። ስሕተትህ ደግሞ ከዘፈኑ ይከብዳል። ስቸኩል ከልክ በላይ እቸኩላለሁ። «አይደለም» ይለኛል። እንደገና እሞክራለሁ። ለኔ ብሎ በመጨረሻ «ደህና ነው» ይላል፤ አባዬ፣ ለማንም ሲል ደህና ነው ብሎ የማያውቀው ሰውዬ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀድቼ ልላክላችሁ እንዳትል። የድሮ ካሴታችሁን አጫውቼ ካቻቢቴውን ማጫወቻው ላይ አቁሜለት ነበር። አንስቶ መለሰልኝ። የሚሰማው የማጫወቻው ሞተር ነው አለ፤ ቀበቶውም ሊበጠስ ነው አለ። በሳምንቱ ተበጠሰ።

ከነዚያ እሁዶች በአንዱ ነው መደወልህን የነገረኝ። ካቻቢቴውን እየጠረገ፣ ለኔ ሳይሆን ለጨርቁ የሚያወራ መስሎ። «ደውሎ ነበር እኮ። አክስትሽ ስልኩን ሰጠችኝ። ያዝኩት፣ ጠበቅኩት። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ዝም አልኩ። በኋላ አክስትሽ ዘግቷል አለችኝ።» ይህንን ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። አንተ በደወልክ ጊዜ ጆሮው መሄዱን እሱ ራሱ ገና አላወቀም ነበር።

ሌላውን ግማሽ ደግሞ ከትናንት በስቲያ አክስታችን ሽንኩርት እየላጠች አመለጣት። ለእሷ ደውለህ «አባዬ ይቅር በለኝ ብዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ፣ ከእንግዲህ አልደውልም» ብለሃታል። የሽንኩርት ዋጋ እንኳ ሆዷ የማያድር ሴትዮ ይህንን ይህን ያህል ጊዜ ይዛው ኖረች። በአባትና በልጅ መሃል አልገባም ብላ። እያለቀሰች ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው አለችኝ። እሺ፣ ሽንኩርቱ ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ግማሽ እኔ ጋ ነው። አንተ አልመለሰልኝም ትላለህ፣ እሱ አልተናገረኝም ይላል። ይቅርታ መጠየቅህን አባዬ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ለምን አትነግሪውም ትለኛለህ። ሞከርኩ። ለአባዬ ነገር የሚነገረው በጩኸት ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሰውዬ ሳይቀሩ እስኪሰሙ። ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተጩሆ አይነገርም። አፌን ከፍቼ «ልጅህ» አልኩት፤ «ልጅህ ምን?» አለኝ፤ «ልጅህ ራበኝ» አልኩት። በወረቀት ልጽፍለትም ጀምሬ ነበር፣ በመለዋወጫ ካርቶን ጀርባ ላይ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ የምር ነገር ሲጽፍ ራሱ ቀልድ ይመስላል። ቀደድኩት።

ይህ ካንተ የሚሰማ ነገር ነው። በስልክ አይሆንም፣ በካሴት አይሆንም። እዚህ ቆመህ፣ ያቺን ዘፈን እየቸኮልክ መትተህ፣ በእንጨቱ በኩል ነው የሚገባው። ጊዜው ግን እየሄደ ነው። በየእሁዱ እጀታውን ከበፊቱ አጥብቆ ይጫነዋል፤ ምልክቱ ከጆሮው ኋላ ውሎ ያድራል። ባለፈው እሁድ ጎንበስ እንዳለ «ጀምሪ እንጂ» አለኝ።

ጀምሬ ነበር።

ስለዚህ ና። ቱታህን እመልስልሃለሁ፣ ጠቦኛል። ክሯንም በደንቡ ትቀይራታለህ። አልመጣም ካልክም አልቀየምህም፤ እዋሻለሁ፣ እቀየምሃለሁ።

ያለህበት መሬት ይሙቅህ። በር የምታንኳኳበት ሁሉ ሰው ያለበት ይሁን። የምትበላው አይነቅህ፣ የምትተኛበት አይጎርብጥህ። አክስታችን የቀረውን ምርቃት በቃል ጨምራበታለች፤ እስኪርቢቶው አይበቃውም።

የምትወድህ እህትህ
ፌንጣ

ቆይ። አላሸግኩትም።

የጨረስኳቸውን ገጾች ከፊት ወንበር ላይ ደርድሬ ነበር። አባዬ ጉጠት ሊፈልግ የመኪናዋን በር ከፍቶ አገኛቸው። በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ፤ ይህችኛዋን ገጽ ግን ጉልበቴ ላይ ይዤ ስለነበር ለመንጠቅ አልደረስኩም። መስኮቱ ጋ ቆሞ እያነበበ ነው። ምን ላድርግ፣ እጽፋለሁ። ስጽፍ ካየኝ ቶሎ አይገድለኝም።

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዳቦ አከፋፋዩ ጋ ደረሰ መሰለኝ፣ በአፍንጫው ሳቀ። አሁን ቀና ብሎ አየኝ፣ ረጅም አየኝ፤ ትምህርት ቤቱ ጋ ነው። ነገ ጉድ ነው የሚፈላው። ገጹን ገለበጠ።

ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰና አንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ ደግሞ አነበበ። አሁንም ደገመ። መነጽሩን አወለቀ። የጎማው ክምር ላይ ቁጭ አለ።

«ፌንጣ» አለኝ። «ይቅር በለኝ ብሎኝ ነበር?»