የአርብ ግልባጭ

የካቲት 16፣ 1976
አርብ። ሆሳዕና ጤና ጣቢያ፣ እኔ ዘንድ፣ ከሾኔ ክሊኒክ የካርድ ግልባጭ ፖስታ መጣ። የቦኖሻው የለም። መናኸሪያ ወርጄ የአውቶቡሱን ረዳት ረሻድን ጠየቅሁት።
«ጤና ረዳቱ ተረፈ ረስቶ ነው፣ እህቴ ጣቢታ።»
ሰው ሲያስታውስ ይመጣል፣ ሲረሳ ይቀራል... እንዲህ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ግልባጭ ካልመጣ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ካርድ ያለው አንድ ቦታ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ፣ በሽተኛው ስንት ወር መድኃኒት እንደወሰደ ማን ይናገራል?

የካቲት 19
ለቦኖሻው ተረፈና ለሾኔዋ ገነቴ ጻፍኩ። ካርድ ላይ ስትጽፉ ሥሩ ካርቦን ወረቀት ይግባ፤ ግልባጩ እዚያው ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ። አርብ ጠዋት ረሻድ መጥቶ ይወስዳል። ማንም ማንንም አያስታውስ። ባዶም ቢሆን ፖስታው ይምጣ... ባዶ መሆኑን ልወቅ።

መጋቢት 7
ኃላፊያችን ጓድ ሰይፈሥላሴ አስጠሩኝ።
«የመንግሥት ሰነድ በአውቶቡስ ረዳት እጅ? ማን ፈቀደልሽ?»
«ካርዱ ቢጠፋስ፣ ጓድ?»
«አይጠፋም። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ!»
እሺ ሳልል ወጣሁ። መውጣት እሺ ማለት ነው እንዴ? ለእሳቸው ይምሰላቸው።

መጋቢት 8
ካርቦን ከልክለውናል። ከራሴ ኪስ ገዛሁ። አላቆምም።

ሚያዝያ 13
ትናንት ከሰዓት ቦኖሻ ላይ ነፋስ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ዝናቡ ገባበት። ተረፈ ዛሬ ራሱ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ።
«ካርዶቹ ሊጥ ሆኑ፣ ጣቢታ። አንዱም አይነበብም። በሽተኛዬ ከበቡሽ መድኃኒቷን ለመጨረስ ሁለት ወር ቀርቷት... እንደገና ከመጀመሪያ ጀምሪ ልበላት?»
ትልቅ ሰውዬ አለቀሰ። መሳቢያዬን ሳብኩለት። የቦኖሻ ግልባጭ ሁሉም አለ። ረሻድ የመጨረሻውን የወሰደው ትናንት ጠዋት፣ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት ነው። የከበቡሽን ካርድ ሲያገኝ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ሚያዝያ 15
ጓድ ሰይፈሥላሴ ዛሬ አላስጠሩኝም፤ ራሳቸው መጡ።
«ግልባጮቹን አምጪ። ካርዶቹን ማትረፋችንን ለበላይ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ አንቺ ጻፊልኝ።»
«ለተረፈ ሰጥቼዋለሁ። ሕክምናው አልተቋረጠም። ሪፖርቱን ግን የምጽፍልዎ መመሪያ ከፈረሙ ነው። ሁሉም ክሊኒክ በየሳምንቱ ግልባጭ ይላክ የሚል።»
«ትዕዛዝ ጥሰሽ ደግሞ ትደራደሪያለሽ?»
«አዎ፣ ጥሼአለሁ።»
ያረቀቅሁትን መመሪያ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ድምፄ ደህና ነበር።
ከሰዓት ፈረሙ።

ግንቦት 17
ወደ ዱራሜ ተዛወርኩ። ዝውውሩ «ለሥራው ጥቅም» ይላል። ቅጣት መሆኑን ማን ያጣዋል? ይሁን። እዚህም በሽተኛ አለ፤ ካርቦንም አለ።
ዛሬ ጠዋት የዱራሜን የመጀመሪያ ግልባጮች አሽጌ ለሆሳዕናው አውቶቡስ ሰጠሁ። እዚያ በቦታዬ እስካሁን ሰው አልተተካም። መመሪያው ደግሞ ተረካቢ ከሌለ ኃላፊው ራሱ ይረከባል ይላል፤ የፈረሙበት ነው። ፖስታው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ለጓድ ሰይፈሥላሴ።
ይረከቡ። በሚቀጥለውም አርብ ይረከቡ።