ጠራዡ ወንድማችንና የፈሩት ግጥም

ሰፈርተኛው «አባ ሙጫ» የሚላቸው ወንድማችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። እኔ ታላቃቸው ነኝ። ፊደል ባልቆጥርም፣ አዝዬ ያሳደግኋቸውን ሰው ታሪክ ማንም አያርመኝም።

አባታችን ከጸሎት ሌላ ግጥም ነፍስ ያስታል ይሉን ነበር። እግዚአብሔርን መፍራት ደግ ነው፤ ወንድሜ ግን ጥላቸውንም ይፈሩ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ ማተሚያ ቤት ገብተው መጽሐፍ መጠረዝ ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ትዳር ይዘው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ታናሿ በሕፃንነቷ በትኩሳት ተቀጠፈች። ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍተው ተኝተው አያውቁም።

በዓመቱ የሰፈራችን ቄስ የተቦጫጨቀ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የጥንት አረማውያን ግጥም መጽሐፍ ይዘውላቸው መጡ። ጠራዥ ገጽ እንዳይዛነፍበት የአንዱን መጨረሻና የቀጣዩን መጀመሪያ ማንበብ ግድ ነው። ወንድሜ ሲያነቡ ገጣሚው ጣዖት ሲጠራ አገኙት። ያን ገጽ አውጥተው የቀረውን ሰፉት። በሙያው ትልቅ ነውር ነው።

ቄሱ ገልጠው አዩና «አንተ ሰው፣ ይሄን ገጽ ምን በላው?» አሉ።

«አባቴ፣ ጣዖት አለበት። ለነፍሴ ፈራሁ።»

«በል አምጣና ጮክ ብለህ አንብበው።»

አነበቡት። ገጣሚው ልጁ ሞታበት፣ የሚያውቃቸውን አማልክት በየስማቸው እየጠራ «ልጄ የት ናት?» ይላል። የሚመልስለት የለም። ወንድሜ አለቀሱ።

«የሚጠራው ስም ጠፍቶት ነው» አሉ ቄሱ። «አንተ ታውቀዋለህ። ለእሱ ማዘን ኃጢአት ነው ያለህ ማነው?»

ከዚያ በኋላ የጥንቶቹን ማንበብ ለመዱ፤ እውነት ሲያገኙ አምላክን ያመሰግናሉ፣ የሳተ ሲያገኙ ለገጣሚው ያዝናሉ። «አርጅተህ ሲኦል ልትገባ ነው?» ብላቸው፣ «እትዬ፣ የምፈራ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የጥንቶቹም ይፈሩ ነበር» አሉኝ።

አምና ሳንባቸው ታመመ። አልጋ ሲይዙ የጥንቱ ፍርሃት መጣ። «እግዚአብሔር በግጥሙ ይጠይቀኝ ይሆን?» እያሉ እጄን ጨምድደው ይይዙ ነበር። እኔም ፈራሁ።

የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለዳ ትንፋሻቸው ሲያጥር የንስሐ ጸሎት ይላሉ ብለን ጆሯችንን ሰጠን። እሳቸው ግን «ጌታዬ፣ ያን ገጣሚ ማረው፤ ከልጁ አገናኘው» አሉና አረፉ።

ባለቤታቸው፣ አንዲት ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ወንድሜ ለሌላ ሰው ሲለምኑ ለራሳቸው ሳይለምኑ ሄደዋል። ስለዚህ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ «ማራቸው» እያላችሁ ለምኑላቸው። እኔ ብቻዬን እፈራለሁ።

አምላክ ነፍሳቸውን ከልጃቸው አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።