የሚመታኝ አጣሁ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ገበያ መሃል ቦርሳዬን ከተቀማሁ ወዲህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ራሴን መከላከል ልማር ብዬ ማርቆስ ከተማን ዞርኩ። ካራቴ ቤቱ የገባሁ ቀን አሰልጣኙ የድሮ ተማሪዬ ሆነና «ቲቸር፣ አይቁሙ» ብሎ ወንበር አመጣልኝ። ወንበር! እንደ እንግዳ ተቀምጬ አይቼ ወጣሁ።

ዛሬ ተናድጄ ቴኳንዶው ጋ ሄድኩ። እዚያም አሰልጣኙ ተማሪዬ ነበር! ደግነቱ ወንበር አላመጣም፤ ከአንዲት ሠልጣኝ ጋር አጋጠመኝ። ልጅቷ እግሯን ሰንዝራ ደረቴ ጋ ስትደርስ «ውይ፣ ይቅርታ እትዬ!» ብላ መለሰችው።

«ምቺኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም አስተምሬያት ኖሯል፤ አቀርቅራ ቀረች።

አሰልጣኙ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ አስተማሪውን የመታ እግር ይባረካል እንዴ?» አለኝ።

በዚህ ከተማ ያላስተማርኩት ያንን ቀማኛ ብቻ ነው መሰለኝ።