ምሰሶው ሥር የተቀመጡት ሁለት አበቦች

ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ ለኢና፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ዋልተርና ልጆቹ ደህና ናቸው? ብርዱ እዚያም እንደኛው ቀድሞ ገባ? እኛ አለን። እማማም አለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ቢላትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ዘንድሮ ኪያሩን ውርጭ ፈጀው፣ ድንቹ ግን ደህና ሆነ። ሰላምታውን አሳጠርሽብኝ ብለሽ አትቀየሚ፤ ንዴቴ ሌላ ነገር አላስወራ ብሎኛል።

እጅሽን አየነው። የናንተ የሊንደን ፎልስ የወዳጅነት ኮሚቴ ከከተማችን ጋር ያለውን የእህት ከተማነት ውል በጦርነቱ ምክንያት ለማቋረጥ ሲሰበሰብ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ቬኒያሚን በኮምፒዩተራቸው ከፍተውልን ነበር። እማማ ፊትሽን አያለሁ ብላ የበዓል ሻርፗን አድርጋ ሄደች። ይቋረጥ የምትሉ እጅ አውጡ ሲባል አንቺም አወጣሽ። ቋንቋውን የማትሰማው እማማ፣ "አያችሁ፣ ሰላም እያለችን ነው" ብላ እሷም እጇን አወዛወዘችልሽ። ማናችንም ልናርማት አልደፈርንም።

ጋሽ ቬኒያሚን ግን አፋቸው አያርፍም። ሲሸኙኝ ደጃፍ ላይ፣ "እህት ከተማ እንሰጣችኋለን ብለው እህትሽን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ከተማዋንም መልሰው ወሰዷት። ጥሩ ንግድ ነው" አሉኝ።

አገራችን ስላለችበት ጦርነት የማስበውን ታውቂዋለሽ፣ በደብዳቤ አልጽፈውም። እጅሽን ባታወጪ ኖሮ እዚያ ምን ይሉሽ እንደነበርም አይጠፋኝም። ግን አስቀድሞ አንዴ መደወል ይህን ያህል አቃተሽ? ለሌላው ሰው ውሉ ፊርማና ማኅተም ነው። አንቺ ግን በሱ ሄደሽ ተዳርሽ፣ እማማም የምታይሽ ከከተማችሁ ልዑካን ጋር አስተርጓሚ ሆነሽ ስትመጪ ብቻ ነበር። በራሴ እመጣለሁ ማለት ከተውሽ ቆየሽ። አሁን ማን ሊያመጣሽ ነው?

የኛ ሹሞችም አናንስም ብለው በሳምንቱ መናፈሻው ውስጥ የናንተን ከተማ አቅጣጫ የሚያሳየውን ሰሌዳ ነቀሉት። ምሰሶው ባዶውን ቀረ። እማማ እሑድ እሑድ እዚያ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ይኼኔ ሁሉም ነገር ገባት። አበባ ሻጯ ጋ ሄዳ ሦስት ቀይ አበባ ገዛችና ሁለቱን ምሰሶው ሥር አስቀመጠች።

እዚያ ኖረሽ ረስተሽው እንደሆነ፣ እኛ ዘንድ ቁጥሩ ጥንድ የሆነ አበባ የሚቀመጠው ለሞተ ነው፤ ለሕያው ሰው ቁጥሩ ጎደሎ መሆን አለበት። መጀመሪያ የመጡት ከንቲባችሁ ለእማማ አሥራ ሁለት ጽጌረዳ ይዘው ሲመጡ አንቺ እንዴት እንደቀላሽ ትዝ ይልሻል? እማማ አንዷን መዝዛ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሰካችና፣ "በሉ አሁን ከሞት ተነሥቻለሁ፣ ግቡ" አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ አለቀ።

ምሰሶው ሥር ግን የሳቀ የለም። አንድ ፖሊስ መጥቶ፣ "እማማ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?" አላት። እሷም ምሰሶውን እያየች፣ "ገና አላወቅኩም" አለችው። ልጁ ኮፍያውን አውልቆ ሄደ። ሦስተኛዋን አበባ ቤት አምጥታ አንቺ ትተኚበት በነበረው ክፍል መስኮት ላይ አኑራታለች። ጠውልጋለች፣ ልጥላት ብል ግን ተቆጣችኝ።

ዋልተርን ሳሚልኝ፤ ያሠራልኝ መደርደሪያ እስካሁን አልተነቃነቀም በይው። ትልቋን ልጅሽን ስለላከችልን ፎቶግራፍ አመስግኚልኝ። ትንሹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ የአያቱን ስም እንዳይረሳ አደራ። ጋሽ ቬኒያሚንም ከነነገራቸው ሰላም ብለውሻል። ቀጥታ በረራ ስለሌለ ይህን ደብዳቤ በየሬቫን ከተማ በኩል ወደናንተ ለሚሻገር ሰው ልሰጠው ስለሆነ እማማን ምን ልበልልሽ አልኳት። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ልክ አንቺ እንዳደረግሽው፣ እጇን አወጣች።

ታናሽ እህትሽ ሪማ
ቪሾጎርካ፣ ጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ.