ለካሳሁን የተቀመጠው ቅቤ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለካሳሁን ጌጡ፣ ምጽዋ፣ ጣሊያን ዕቃ ቤት።

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ የምጽዋ ሙቀት አቅልጦ ጨረሰህ ወይስ አጥንትህ ተርፎልሃል? እንጀራስ ታገኛለህ ወይስ ያን ትል የመሰለ የጌቶችህን ምግብ ስትጎትት ትውላለህ? እኔ አያትህ አያሌው ጥርሴ ከመርገፉ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም የሚታኘክ ስለጠፋ አልጎዳኝም። አያትህ ውዴም ጉልበቴን እያለች አለች። ተመስገን።

በነጋዴው በማሬ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ይህን ያህል ዘመን ዝም ብለህ ከርመህ አፍህን የከፈትኸው ስለ ቅቤ ሆነ። አለቃህ ለወታደር የሚያከማቸው ቅቤ በሙቀቱ እየከረፋ ስላስቸገረው፣ አያትህ የምታነጥርበትን ቅጠል ብታመጣልኝ እሾምሃለሁ ብሎሃል። እሰይ፣ የቅቤ ሹም ልትሆን ነው። ውዴ ውኃ አቀብለኝ ስትልህ ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም ብለህ ትሸሽ አልነበር?

አሁን የእኛን ስማ። አንተ የሄድህ ሰሞን ውዴ ለመምጫህ ብላ አንድ ማሰሮ ቅቤ አነጠረች። ኮሰረቱን ከጓሮ ቆርጣ አብራ አፈላችው፤ አፉን በኮባ አስራ፣ በጭቃ መርጋ ከጎተራው ኋላ አኖረችው። ፋሲካ ሲመጣ ትንሽ ልቅመስ ብል እጄን በማማሰያ አለችኝ። የካሳሁን ነው አለች። ሳይነካ ኖረ።

አምና የከብት በሽታ ገብቶ ላሞቻችንን ፈጀ። ዘንድሮ ባንዶች ከዚህ ከጣሊያኑ ምሽግ ወጥተው ከብት ሊወስዱ ሲመጡ አባትህ አልቀውብናል አላቸው። እውነቱን ነው። ቤቱን ሲፈትሹ ግን ማሰሮውን አገኙት። አለቃቸው ጭቃውን ሰብሮ ጣቱን ነከረና ላሰ። አልከረፋም፣ አልጎመዘዘም፤ ትናንት የተናጠ ለጋ ቅቤ ይመስላል። ላም የለኝም ትላለህ፣ ይህ ከድንጋይ ታለበ ወይ አለው። ውዴ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ነው፣ ቅጠሉ ነው የጠበቀው ብላ ማለች። ሳቁባት። ከብትህን ለጉና ሽፍቶች ደብቀሃል ብለው አባትህን አስረው ወሰዱት፤ ማሰሮውንም ወሰዱት።

ያን ዕለት ማታ ውዴን፣ ምነው እንደ ሌላው ሴት ቅቤ ማበላሸት ብታውቂ ኖሮ አልኳት። ለቀልድ ነበር። ስታለቅስ አደረች።

አሁን እናትህ አሰለፈች ስንቅ ይዛ ምሽጉ በር ትሄዳለች፤ ከሰሞኑ ወዲህ ታሟል እያሉ ይመልሷታል። በፊት ሲያገኛት፣ ለካሳሁን አትንገሩት፣ ያፍራል ብሏት ነበር። ይፈር ብዬ ጻፍሁልህ።

ቅጠሉን ብሰጥህ ያ ቅቤ ሳይከረፋ በመኪና እየተጫነ ይመጣና የእኛን ሰው የሚያሳድደው ይበላዋል። ብከለክልህ አባትህ እዚያው ይቀራል። ውዴ ስጠው ትላለች። እኔ ግን እንደምታውቀኝ ነኝ፣ ግማሹን ሰጠሁህ። ከወረቀቱ እጥፋት ውስጥ አንድ ዝንጣፊ አለ፤ ለአለቃህ አሳየው። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚጨመርበት የምታውቀው ውዴ ናት። መጀመሪያ አለቃህ በገዛ ቋንቋው ለዚህ ምሽግ አዛዥ ይጻፍ፤ በዚህ ቅጠል የተነጠረ ቅቤ ዓመት አልፎት አይሸትም፣ ሰውየው አልዋሸም ይበል። አባትህ በእግሩ ቤቱ የገባ ዕለት ቀሪውን ጽፌ እሰድልሃለሁ። ቀድሞ ከሞተብን ግን ጌቶችህ የከረፋውን ይብሉ፤ አንተም አብረህ ብላ።

እናትህ አሰለፈች ጉንጭህን ትስማለች። እህትህ እቴነሽ ቁመቷ እናቷን አልፏል፣ ሰላም ትልሃለች። ውዴ እጇን ጭንቅላትህ ላይ ጭናለች፤ ይህን ሳነብላት አንተም አብረህ ብላ ያልሁትን ሰርዘው ብላኝ ነበር። አልሰረዝሁትም።

አያትህ አያሌው
ደብረ ታቦር፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.