ከካቡ ሥር ያለው ረድፍ ለማን እንደሚሆን

እኔ ሊዮንቲን ካንታሉብ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የኖርሁ፣ ባል ያላገባሁ፣ በካኦር አውራጃ በሎት ወንዝ ዳር ወይን የማበቅል፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2019 በገዛ ወጥ ቤቴ ተቀምጬ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ውል አዋዋዩ አቶ ዴልማስ እየጻፉ ሁለት ምስክሮች እየሰሙ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሳቄም ቢሆን ሳይቀነስ ይጻፍ።

አንደኛ፤ ቤቱንና መሬቱን ለወንድሜ ልጅ ለሬሚ ሰጥቻለሁ። ደግ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ጥቁሩን ወይን ጠጃችንን በውኃ ቀላቅሎ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቅር ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሁለተኛ፤ የሾርባ ጎድጓዳ ሳህኔ ለሬሚ ሚስት ይሁን። በሾርባዋ ትራፊ ላይ ወይን ጠጅ ጨምራ ከነሳህኑ አንስታ ስትጨልጠው ያየሁ ዕለት ወድጃታለሁ።

ሦስተኛው ከብዶኛል። በ1956 ፌብሩዋሪ የወረደው ውርጭ የሸለቆውን ወይን ሲያደርቅ፣ ከአባቴ ካብ ሥር የተጠለለ አንድ ረድፍ ብቻ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በሌላ እጅ አላስገረዝሁትም። ሬሚ ግን ትራክተር አላዞር ብሎኛልና ልነቅለው ነው ይላል። እኔ ስሞት ዘሩ አበቃለት እያልሁ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ።

እዚህ ላይ አቶ ዴልማስ አእምሮዬን ሊፈትኑ ቀኑን ጠየቁኝ።

«ቀንማ ማንም ያውቃል፤ ወይን አቅምሱኝ!» አልሁ።

አንደኛው ምስክር፣ የወንዝ ማዶ ጎረቤቴ ፌርናን ቡስኬ፣ ጓዳ ገብቶ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ መጣ። የእርሱን ወይን ጠጅ ዕድሜዬን ሁሉ ኮምጣጤ ስል ኖሬ፣ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም።

«የኔ ነው! ከካቡ ሥር!» አልሁ ቀምሼ።

ፌርናን ፊቱ ቀላ። «ሊዮንቲን፣ የኔ ነው። በኮቴ ኪስ ይዤው ከመጣሁት ጠርሙስ ነው የቀዳሁት።»

«ያንተ ኮምጣጤ? አታሹፍብኝ!»

«በውርጩ ዓመት የኛ ሁሉ ደርቆ፣ አባቴ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። ካቡን ዘልዬ ገባሁና ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ማዶ ያለው ወይን ሁሉ ካንቺ ረድፍ የመጣ ነው። ልነግርሽ ስል ትሰድቢኛለሽ፤ ተመልሼ እሄዳለሁ።»

«ስንት ቆረጥክ?»

«ሁለት እቅፍ።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። ልቆጣ አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ሳቅ ሆነ። አቶ ዴልማስ ደንግጠው ውኃ አቀረቡልኝ፤ በእኔ ቤት፣ ውኃ! ስድሳ ሦስት ዓመት ብቻውን የቀረ የመሰለኝ ረድፍ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ኮረብታውን ሞልቶት ኖሯል። ደስ ብሎኛል፤ ይኸውም ይጻፍ።

እንግዲህ ሦስተኛ፤ ረድፉን ከሬሚ ድርሻ ቀንሼ ለፌርናን ቡስኬ ሰጥቻለሁ።

«ምስክር ሊወርስ አይችልም፣ ወይዘሪት!» ብለው አቶ ዴልማስ ጮኹ።

«እንግዲያው ከምስክርነቱ ይውጣ! ዳቦ ጋጋሪዋን ጥሩልኝ!»

እርሷም ዱቄቷን ሳታራግፍ መጥታ፣ ቃሌን ከመጀመሪያው እንደገና ሰምታ ፈርማለች።

ተናዛዥ፦ ሊዮንቲን ካንታሉብ
ምስክሮች፦ ፖስተኛው ኤሎዋ ቪዳል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ኦርታንስ ላካዝ
ውል አዋዋይ፦ ዴልማስ

ፌርናን ቡስኬ ከምስክርነት ተሰርዟል። የወረሰበት ምክንያትም ይታወቅ፦ ሬሚ በነጻ ቢሰጡት የሚነቅለውን፣ እርሱ ለመስረቅ ካብ ዘሏል።