ጉርሻው የማን ነው?

ሰኞ

«የምልክልሽ ይደርስሻል አይደል?» አለችኝ ቲቸር ሂሩት፣ ምሳዋን በልታ ልትወጣ ስትል።

ምኑን? አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። «ቲፑን ነዋ! ሁልጊዜ ከሂሳቡ ላይ ጨምሬ እኮ ነው የምልከው።»

ክው አልኩ። ቲቸር ሂሩት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታስተምራለች፤ አገሯ ሐዋሳ ነው። ብርዱን እየረገመች ትገባለች፣ መስኮቱ ሥር ፀሐይ የምታገኘው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም ሳትጠይቀኝ ሙቅ ውሃ በሎሚ አቀርብላታለሁ። በጣም ነው የምወዳት። ግን ለወራት በእጄ ሰጥታኝ ስለማታውቅ ትንሽ ትሰስታለች ብዬ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተፈራ ክረምት ሊገባ ሲል በየጠረጴዛው ላይ የባንክ ቁጥራቸውን ለጠፉ። ሰው በስልኩ ይከፍላል፣ መልዕክቱን ያሳየናል፣ ይሄዳል። ጥሬ ብር የሚይዝ ሰው እያነሰ መጣ፣ የእኛም ቲፕ አብሮ ደረቀ። እኛማ ኑሮ ስለተወደደ ነው እንል ነበር። ለካ ሰው መስጠቱን አልተወም! ይሰጣል። የሚገባው ግን ጋሽ ተፈራ ስልክ ውስጥ ነው።

አብሮኝ ለሚያስተናግደው ለደሳለኝ ነገርኩት። የእነዋሪ ልጅ ነው፣ ቶሎ ይናደዳል። ትሪውን እንደያዘ ቀጥ አለ። «ያ የሲኖትራኩ ሹፌር ‹ጨምሬልሃለሁ አይዞህ› ሲለኝ ሲያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር!»

ደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍሎ ያልቃል። የምኖረው በቲፕ ነው። የማታ ትምህርቴንም ባለፈው ሴሚስተር ያቋረጥኩት በሌላ አይደለም። አዲሱ ምዝገባ ደግሞ ተጀምሯል።

ነገ እጠይቃቸዋለሁ። 

ማክሰኞ

ጠየቅኳቸው።

ጠዋት ሰው ሳይገባ፣ ባንኮኒው ጋ ቆመው ነበር። «ጋሼ፣ ደንበኞች በስልክ የሚጨምሩልን ቲፕ አለ ይላሉ» አልኩ።  ቀና ብለው አላዩኝም። «ስልኬ ላይ የገባ የቤቱ ነው» አሉ።

ለእኛ ብለው እኮ ነው የሚልኩት ስላቸው ነው ቀና ያሉት።

«ለእናንተ? ሰው ቲፕ የሚሰጠው ለሥጋው ነው! ጥብሱ ሲጥመው ይሰጣል። በሬውን የገዛሁ እኔ፣ ኪራዩን የምከፍል እኔ። ቅቤ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኩና ጠረጴዛ ልጠርግ ሄድኩ። የተጠረገውን ጠረጴዛ እንደገና ጠረግኩት።

ክፉ ሰው አይደሉም። ደሳለኝ ታሞ የወደቀ ቀን በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ የመድኃኒቱንም ከፍለዋል። ለዚህ ነው ነገሩ የከነከነኝ። አምነውበት ነው የሚናገሩት።

ሰው ግን እውነት ለሥጋው ነው የሚሰጠው? ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። በእጄ የሰጡኝን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኩ።

ልጇ ወተት ሲደፋባት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት፣ «ምንም አይደል» ብዬ የጠረግኩላት እናት።

ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለው ልጅ። ሽሮው ስለቀዘቀዘ መልሼ አሙቄ ነው የቀሰቀስኩት።

ስልኳን ረስታ ሄዳ እስከ መናኸሪያ ሮጬ የደረስኩባት ሴትዮ። ጫጫ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ ሥጋ የበላ አንድም የለም።

ረቡዕ

ከሥራ ተባረርኩ።

ጾም ስለሆነ ቤቱ በበየዓይነቱ ተጠምዶ ነበር። ከደብረ ሲና ዳገቱን የወጡ ሦስት የጭነት መኪና ሹፌሮች ገቡ። በልተው ሲጨርሱ አንደኛው ስልኩን አወጣና «የአንቺንም ጨምሬ ልላከው?» አለኝ። ምን ልበል? «ለእኔ ከሆነ በእጅ ይሻለኛል። በስልክ የሚገባው አይደርሰኝም» አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ሰውዬው ግን «እንዴት አይደርስሽም!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ ሙሉ ዞረ። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ሁለቱ ጓደኞቹም እንዲሁ። ባንኮኒውን እየገላመጡ ወጡ።

ጋሽ ተፈራ ፊታቸው ቀልቷል። ሰው እስኪወጣ ጠበቁና «በገዛ ቤቴ፣ በሰው ፊት ስሜን አጠፋሽ። ነገ እንዳትመጪ» አሉኝ።

የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት አልኩ። አልሰሙኝም። ሽርጤን ፈታሁ፣ አጠፍኩ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። የኩሽናዋ አለቃ እትዬ አስካለ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ወይኔ ልጄን!» ስትል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም፤ ባያት አለቅስ ነበር።

መንገድ ላይ ግን አለቀስኩ። ደግነቱ የዛሬው ንፋስ የሁሉንም ሰው ዓይን ሲያስነባ ስለዋለ ማንም አላወቀብኝም።

ሐሙስ

ደሳለኝ ጠዋት ቤቴ መጣ። ሥራ ላይ መሆን ያለበት ሰዓት ነው። ምን ሆነህ ነው? አልኩት። «‹ወይንሸት ከሌለች እኔም የለሁም› አልኳቸውና ወጣሁ» አለኝ።

ሞኝ! አልኩት። አንተስ ምን ትበላለህ? ሰደብኩት። ከዚያ ሻይ አፈላሁለት። ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ግን አልነገርኩትም።

እትዬ አስካለ ደወለች። እኔም ልውጣ ወይ? ስትል በጭራሽ አልናት፤ ሦስት ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው። «ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ማን ሊያስተናግድልዎት ነው?» ብላ ጠይቃቸው «እኔ!» አሉ አለች። ጋሽ ተፈራ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው አንድ ብርጭቆ አንስተው የማያውቁት! እሷም በስልክ፣ እኛም እዚህ በሳቅ ፈነዳን።

ደሳለኝ ከሄደ በኋላ ሳቄ ሄደ። አስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል ሄጄ ሰው ትፈልጋላችሁ? ብዬ ጠየቅኩ። «ስልክሽን ተዪልን» አሉኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

አርብ

ትናንት አጥቤ ያሰጣሁት ልብስ በውርጩ ጠጥሮ አደረ። ጠዋት ሳወርደው ቀሚሴ ቀጥ ብሎ እንደ ጣውላ ቆመ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ቲቸር ሂሩት ደወለችልኝ። ምሳ ልትበላ ሄዳ ስታጣኝ ገና ሳታዝ ከዚያው ነው የደወለችው። እትዬ አስካለ ሁሉንም ነግራታለች። «በእኔ ጦስ ነው፤ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልበላም» አለች። አይ፣ ብዪ አልኳት፤ ሰው ከቀረ ቀድማ የምትጎዳው እትዬ አስካለ ናት። «እሺ፣ ግን ሂሳብ ስከፍል አንድ ነገር እላቸዋለሁ» አለች። ምን እንደምትል አልነገረችኝም።

ልመለስና ይቅርታ ልጠይቅ ይሆን? ሁለት ጊዜ ጫማዬን አደረግኩ፣ ሁለት ጊዜ አወለቅኩ። ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምለው?

ቅዳሜ

ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል። ከደስታ ነው! ከድካምም ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። በዚያ መንገድ ላላልፍ ወስኜ ነበር፤ እግሬ ግን ወሰደኝ። በመስታወቱ አሻግሬ ባይ ጋሽ ተፈራ የእኔን ሽርጥ አስረዋል! አልደርስ ብሏቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስት ሳህን ታቅፈው የትኛው የማን እንደሆነ ጠፍቷቸው መሀል ላይ ቆመዋል። እህል ሸጦ የመጣው ገበሬ፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ ቤቱን ሞልቶታል። አንዱ «ኧረ ወንድም፣ ውሃ!» ይላል። አንዱ «እኛ ቀድመን ነው የመጣነው!» ይላል። ከኩሽና የሚያርር ሥጋ ይሸታል። እትዬ አስካለ በመስኮቷ አየችኝና በጭልፋው ጠራችኝ።

ገባሁ። ሳህኖቹን ከእጃቸው ተቀበልኩ።  «በሩ ጋ ያሉት ሽሮ ነው ያዘዙት፤ እርስዎ ውሃ ያድርሱ» አልኳቸው። እሺ አሉ! ጋሽ ተፈራ እሺ አሉኝ! ለደሳለኝ ደወልኩ። እየሮጠ ደረሰ፣ ሹራቡን እንኳ ገልብጦ ነበር የለበሰው።

ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ማየት የለም። ይዞ መውጣት፣ ይዞ መመለስ። ሰውነቴ እንዴት እንደናፈቀው!

ጥጉ ጋ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከእነዋሪ ጤፍ ይዘው የመጡ ናቸው። ብዙ ጠብቀዋል፣ ጥብሱ የደረሳቸውም አርሮ ነው። ጋሽ ተፈራ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ላስቀይርልዎ?» ሲሏቸው ሰማሁ። «ተወው፣ ርቦናል» አሉ ሽማግሌው። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው እጅ አስታጠቡ። ባዶ ጆንያቸውን ሰው እንዳይረግጠው ከመተላለፊያው አንስተው ወንበር ላይ አደረጉላቸው።

ሽማግሌው ሲወጡ የታጠፈ ብር ጋሽ ተፈራ መዳፍ ውስጥ አድርገው ጣታቸውን ጨበጥ አደረጉላቸው። «እንካ ወንድሜ፣ ቆመህ ዋልክ፣ ሻይ ጠጣበት» አሏቸው። ከዚያ ወደ ባንኮኒው አየት አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለቤቱ እንዳያይብህ!»

ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ጋሽ ተፈራ እጃቸውን እንደጨበጡ ቆመው ቀሩ። ሰው ውሃ ሲጠራቸውም አልሰሙም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ጭር አለ። ጋሽ ተፈራ የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አሉና ጫማቸውን አወለቁ። «ከባለቤቱ እንድደብቅ መከሩኝ እኮ» አሉ። እትዬ አስካለ ሳቋን አፈነች።

ቆይተው «ጥብሱ አርሮ ነበር» አሉ።

አዎ አልኩ።

«ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

 ማክሰኞ ሳስበው የዋልኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን እሳቸው ቀደሙኝ።  «ትናንት ያቺ አስተማሪ ሂሳቧን ስትከፍል ‹ዛሬ የጨመርኩት የለም፣ ምክንያቱን ያውቁታል› አለችኝ። ተናድጄባት ነበር።» ጉልበታቸውን እያሹ ወለሉን አዩ። «ለሥጋው አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ትገቢያለሽ?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። «ቲፑስ?»

«ከሂሳቡ በላይ የሚገባው የእናንተ ነው። ማታ ማታ ትካፈላላችሁ።»

«ኩሽናም አብሮ» አልኩ። ደሳለኝ በክርኑ ጎሸመኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። እትዬ አስካለ እጇን ሽርጧ ላይ ደጋግማ ጠረገች። በቲፕ በኩል አስታውሷት የሚያውቅ ሰው የለም።

«ኩሽናም» አሉ።

«ያለፈውስ?»

እዚህ ላይ ረጅም ተነፈሱ። «አንቺ ልጅ ዛሬ አትለቂኝም መሰለኝ!» አሉ። ስልካቸውን ግን አወጡ፤ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ማንበብ ጀመሩ።

አሸነፍን! አሸነፍን! አሸነፍን!

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ከፈትን። ጋሽ ተፈራ በየጠረጴዛው አዲስ ወረቀት ለጥፈዋል፤ በራሳቸው እጅ ጽፈው፦ «ለአስተናጋጆችና ለወጥ ቤት የሚጨምሩት ይደርሳቸዋል።» ፊደሉ ጠማማ ነው። ለእኔ ግን በጣም ያምራል።

ያለፈውን ሁሉ አልመለሱም። የሁለት ወሩን ሰጡን፣ የቀረውን «ቀስ እያልኩ» አሉ። ይሰጡ ይሆን? እንጃ። ለምዝገባ ግን ይበቃኛል፤ የማታ ተማሪ እሑድም ስለሚመዘገብ ከሰዓት ሮጥ ብዬ ሄጄ ተመዘገብኩ! ደረሰኙን ሦስቴ አየሁት።

ከደሳለኝ ጋር ተጣላን። «ሰው ፊት የምንቆም እኛ፣ ስድቡን የምንጠጣ እኛ፣ እኩል ለምን?» አለ። ትናንት ጥብሱ ባረረ ጊዜ የተሰደበችው እትዬ አስካለ አይደለችም? አልኩት። አኮረፈ። ማታ ስንካፈል ግን የእትዬ አስካለን ድርሻ ወስዶ የሰጣት እሱ ነው። እሷም ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ «ማን ነው የሰጠኝ?» አለች። ሁሉም አልናት።

ሰኞ

ዛሬ እረፍቴ ነው። እማዬ ከአንኮበር መጣች፤ ዓይኔን አሞኛል ካለች ቆይታለች። ሐኪሙ አንዱን ዓይኗን በፋሻ ሸፈነላት፤ በሌላውም በደንብ አታይም። ሐኪም ቤቱ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኳት። ሰው ጋብዤ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። ኮራሁ።

አስተናጋጇ ገና ልጅ ናት፣ ለሥራው አዲስ መሆኗ ያስታውቃል። ውሃውን ረሳች። ምስር ስንላት ክክ አመጣች፤ መልሳ ቀየረችው። በሆዴ እንዲህ አይያዝም፣ እንዲህ አይቀመጥም እያልኩ ስታዘብ ቆየሁ። እጄን ታጥቤ ስመለስ ግን ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእማዬን እጅ ይዛ «እማማ፣ ምስሩ እዚህ ጋ ነው፣ ቃሪያው ወዲያ ነው፣ እንዳያቃጥልዎት» ትላታለች። ማንም አላዘዛትም።

ሂሳብ ስከፍል በእጇ ጨመር አድርጌ ሰጠኋት። እማዬ ሰምታ «ደመወዝ የላትም እንዴ?» አለችኝ።

አላት አልኳት።

«ታዲያ ያንቺ ምንድን ነው?»

 «ምግቡን ስላሳየችሽ» አልኩ። እማዬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መቀነቷን ፈታችና የራሷን አወጣች። «ስንት ነው ደንቡ?» አለችኝ። ደንብ የለውም፣ ደስ ያለሽን አልኳት። ልጅቷን በድምጿ አቅጣጫ ጠርታ ሰጠቻት፤ ረጅም ምርቃት መረቀቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አሜን አሜን ስትል ቆየች።

ስንወጣ ወደ ኋላ ቀረሁና በስልክ የሚላክልሽስ ይደርስሻል? አልኳት። ወደ ባንኮኒው አየች። እኔ የምሠራበትን ነገርኳት፣ ከሥራ ስትወጪ ብቅ በዪ፣ የማጫውትሽ አለ አልኳት።

ትመጣ ይሆን? እንጃ። የቤቱን ስም ግን ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች።